የተባዛ ዳታቤዝ ማከማቻ

የተባዛ ዳታቤዝ ማከማቻ አንድ ዓይነት መረጃ የያዙ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዳታቤዞች በቨርቹዋል ማሽኖች ላይ ሲሠሩ ፋይሎቻቸው የሚቀመጡበት ዲስክ ነው። ምርጫው ባብዛኛው በሁለት መንገዶች መካከል ነው፦ ቨርቹዋል ማሽኑን በሚያሠራው ሰርቨር ውስጥ ያለ ዲስክ፣ ወይም ብዙ ሰርቨሮች በኔትወርክ የሚገለገሉበት የጋራ ማከማቻ።

አመጣጥ

እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ሜሞሪና የራሱን ዲስክ ብቻ የሚጠቀምበት አሠራር «ሼርድ ነቲንግ» ይባላል። ስያሜው ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ማይክል ስቶንብሬከር እ.ኤ.አ. በ1986 ካወጣው አጭር ጽሑፍ ጋር ነው። ሥራው ግን ስሙን ሳይቀድም አልቀረም። በ1974 የተቋቋመው የአሜሪካው ታንደም ኩባንያ በ1976 ያቀረበው ኖንስቶፕ ኮምፒውተር ከ2 እስከ 16 ፕሮሰሰሮች ነበሩት፤ ሜሞሪ አይጋሩም፣ ዳታውም በመንታ ዲስኮች ላይ ሊጻፍ ይችል ነበር። በዚህ የተነሳ ቀዳሚነቱን ለታንደም የሚሰጡ አሉ። ይሁንና አንዱ የዲስክ መቆጣጠሪያ ከሁለት ፕሮሰሰሮች ጋር ይያያዝ ስለነበር፣ ትርጉሙን ለሚያጠብቅ ሰው ኖንስቶፕ «ምንም አይጋራም» ማለት ሊያከራክር ይችላል። በ1979 የተመሠረተው ቴራዳታም በዚሁ ረገድ ስሙ ይነሳል።

ርካሽ ዲስኮችን አቀናጅቶ እንደ አንድ የመጠቀም ዘዴ፣ ሬይድ፣ ስሙን ያገኘው ከበርክሌዮቹ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የ1988 ጽሑፍ ነው። እዚህም ላይ የመጀመሪያነት ጥያቄ አለ፤ ተቀራራቢ ሐሳብ ያለው የአይቢኤም ፓተንት በ1978 ለኖርማን ኬን ኦውቺ ተሰጥቷል።

አማራጮች

የጋራ ማከማቻ ቨርቹዋል ማሽንን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ማዛወርን ያቀላል። በሰርቨሩ ውስጥ ያለው ዲስክ ፈጣን ምላሽ ይሰጣል፤ ሰርቨሩ ሲሞት ግን ቅጂው አብሮት ይጠፋል፣ ሥራውን በሌላ ሰርቨር ላይ ያለው ቅጂ ይረከባል። የኢሜይል ሶፍትዌሩ ኤክስቼንጅ ሰርቨር 2010 ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ እስከ 16 ሰርቨሮችን በአንድ ቡድን ያቅፋል፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቅጂዎች ሲኖሩም ያለ ሬይድ በተራ ዲስኮች ላይ መሥራት ተፈቅዶለታል።

የቅጂዎች ብዛት

ሦስት የዳታቤዝ ቅጂዎች እያንዳንዱን ዳታ ሁለት ጊዜ በሚጽፍ የጋራ ማከማቻ ላይ ቢቀመጡ አንዱ መረጃ 6 ጊዜ ይጻፋል። ማከማቻው በጠቅላላ ከወደቀ ግን ስድስቱም አብረው ይወድቃሉ። ስለዚህ የሚቆጠረው የቅጂው ብዛት ሳይሆን አብረው የማይወድቁት ቅጂዎች ብዛት ነው ማለት ይቻላል። ቅጂዎቹን የያዙት ቨርቹዋል ማሽኖች በአንድ ሰርቨር ላይ እንዳይገናኙ የሚከለክል ደንብ የሚበጀውም ለዚሁ ነው።

የሬይድ ዓይነትም ሸክሙን ይለውጣል። በሬይድ 5 አንድ ትንሽ ጽሑፍ ባብዛኛው 4 የዲስክ ሥራ ይጠይቃል፦ ሁለት ንባብና ሁለት መጻፍ። በመንታ ዲስኮች ግን ሁለት መጻፍ ብቻ ይበቃል።

በ2014 ይፋ የሆነው የክላውድ ዳታቤዝ አማዞን አውሮራ ማባዛቱን ራሱን ወደ ማከማቻው አውርዶታል። በ3 የዳታ ማዕከል ዞኖች 6 ቅጂ ይይዛል፤ 4ቱ ሲያረጋግጡ ጽሑፉ እንደተቀመጠ ይቆጠራል።

የመጻፍ ማረጋገጫ

ዋናው ዳታቤዝ የቅጂውን ማረጋገጫ የሚጠብቅ ከሆነ የቅጂው ዲስክ መዘግየት ለተጠቃሚው ይተርፋል። ማከማቻው ወይም ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ዳታው ዲስክ ሳይደርስ «ጽፌያለሁ» ካለ ደግሞ መብራት ሲጠፋ መረጃ ሊጎድል ይችላል። በ2018 የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢዎች፣ ሊኑክስ የመጻፍ ስህተትን አንዴ አሳውቆ በሁለተኛው ሙከራ ሁሉ ደህና እንደሆነ ሊመልስ እንደሚችል ተወያዩበት። በ2019 መጀመሪያ የወጡት እትሞች በእንዲህ ያለ ጊዜ ዳታቤዙ ሥራውን አቁሞ ከለውጥ መዝገቡ (ከሎጉ) እንዲያገግም ያደርጋሉ።

ባክአፕ

ቅጂ ባክአፕን አይተካም፤ በስህተት የተሰረዘ ሠንጠረዥ ከሁሉም ቅጂዎች ይሰረዛል። ለእንዲህ ያለው ስህተት ኤክስቼንጅ አንዱን ቅጂ እስከ 14 ቀን ወደኋላ ማስቀረት ያስችላል።