ከኮታ ወደ ሽግሽግ

በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የሞጣና የቢቸና ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ተነሣ። ዛሬ መሬቱን የሚለካ ሰው ነገ ርስቱን ይነጥቀኛል የሚል ሥጋት ነበረው። መንግሥት ጦር ላከ፤ መንደሮችም ከአየር ተደበደቡ። የንጉሡ አየር ኃይል የሚበርረው አሜሪካ በሰጠችው አውሮፕላን ነበር። ዋሽንግተን ግን ጎጃምን ከቁም ነገር የምትቆጥርበት ምክንያት አልነበራትም፤ የምትፈልገው አስመራ ላይ የነበራትን የቃኘው ወታደራዊ የመገናኛ ጣቢያ ነበር።

ደርግ ሲመጣ ወዳጁ ተለወጠ፣ መሣሪያውም የሶቪየት ሆነ። ታንኩን ሞስኮ ሰጠች፤ ወታደሩንና እህሉን ያዋጣው ግን ገበሬው ነው። ጤፉን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበያ በታች በተቆረጠ ዋጋ በኮታ ይረከበው ነበር። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ ወጣቱ አፈሳ ሲመጣ በረሃ ይገባ ጀመር። ጎጃም ውስጥ ከአምበር ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የትኖራ ለእንግዳ የምትታይ የአምራቾች ማኅበር ነበረች። መልባ የሚባለው የማኅበር ደረጃ መሬቱን ያጋራ ነበር፤ ወልባ ሲደርስ በሬውም የጋራ ይሆን ነበር። በሬውን ማስረከብ ለጎጃም ገበሬ ምን እንደሆነ ያረሰ ያውቀዋል።

የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ መሣሪያ ለማፍሰስ ፈቃደኛ አለመሆኑ እየታወቀ ሲመጣ፣ ደርግን ሲያግዙ የነበሩት ኩባውያን ወታደሮችም ሲወጡ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። ገበሬው ማብራሪያ አልጠበቀም። በሳምንታት ውስጥ በብዙ ቦታ ማኅበሩን አፍርሶ መሬቱንና በሬውን ተከፋፈለ። ካድሬው ዝም አለ፤ ምን ሊል ይችል ነበር?

በየካቲት 1983 የኢሕአዴግ የቴዎድሮስ ዘመቻ ጎንደርንና ጎጃምን ከደርግ ነጠቀ፤ ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዓመት ሶማሊያ መንግሥት አልባ ስትሆን፣ ቤኒን ውስጥ ማትዬ ኬሬኩ በምርጫ ተሸንፎ ሥልጣን ለቀቀ። ኢትዮጵያ የሶማሊያ ዕጣ አልደረሰባትም፤ የቤኒንንም አላገኘችም።

ኮታውና አፈሳው ቀሩ፣ ምርጫም መጣ። መሬቱ ግን በቀበሌው እጅ ቆየ። በ1989 የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲያካሂድ ጎጃም ዋናው ቦታ ነበር። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሹም የነበረው «ቢሮክራት» ተብሎ ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ፤ ሌላው እስከ 3 ሄክታር ተፈቀደለት። ከሹመት ከወረደ ብዙ ዓመት ያለፈውም አልቀረለትም። መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች አገኙበት፤ ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በቀል ነው ማለት አይቻልም። የተነጠቁት ግን ከጎጃም አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት አሉ፤ መሬታቸው አልተመለሰም።

በኋላ የመሬት ይዞታ ደብተር ሲጀመር ከሙከራ ቀበሌዎቹ አንዱ የአምበር ጎረቤት በሆነው በጎዛምን ወረዳ ነበር። ገንዘቡን ያገዘችው ስዊድን ናት። የባልና ሚስት ደብተር ላይ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፋል።