ብዙ ድምፅ፣ አንድ በር፦ የፓራፎኒክ ሲንተሳይዘር ታሪክ

የሙዚቃ መሣሪያ ታሪክ ከምርት መሣሪያዎች ዕድገት ተነጥሎ አይታይም። በሲንተሳይዘር ላይ ብዙ ድምፆችን በአንድነት የማሰማት ጥያቄ የተነሣውም፣ መልስ ያገኘውም በዚሁ ሕግ መሠረት ነው።

የበገና አሥሩ አውታሮች እያንዳንዳቸው ሲነኩ ይወለዳሉ፤ በየራሳቸው ጊዜም ይከስማሉ። ኤሌክትሮኒካዊ ድምፅ አመንጪ ግን ኃይል እስካገኘ ድረስ ያለማቋረጥ ይጮኻል። መነሻና መድረሻ የሚሰጠው «ኤንቨሎፕ» የተባለው ክፍል ነው። የኮሎምቢያ–ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል መሪ የነበረው ቭላድሚር ኡሳቼቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመሐንዲሱ ሮበርት ሙግ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ይህ ክፍል አራት ደረጃዎች ያዘ፦ አነሳስ፣ ዝቅታ፣ ጽናትና ስንብት።

በ1970 የወጣው ሚኒሙግ በአንድ ጊዜ የሚታዘዘው ለአንድ ቁልፍ ብቻ ነበር። ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ማጣሪያና ኤንቨሎፕ መሥራት ዋጋውን እጅግ ስለሚያንር፣ መሐንዲሶች መካከለኛ መንገድ ፈለጉ። በ1972 የቀረበው ኤ.አር.ፒ. ኦዲሲ ሁለቱን ድምፅ አመንጪዎቹን ለሁለት ቁልፎች አከፋፈለ፤ ማጣሪያውና ማጉያው ግን የጋራ ሆነው ቀሩ። ፓራፎኒክ የሚባለው አሠራር ይህ ነው፤ ድምፆቹ ብዙ፣ የሚወጡበት በር አንድ።

የዚህ ውጤት በተጫዋቹ ጣቶች ላይ ይታያል። ሦስት ድምፆችን ይዞ ሳለ አራተኛውን ሲጨምር ከሁለት አንዱ ይሆናል። ኤንቨሎፑ እንደ አዲስ ካልተነሣ፣ መጪው ድምፅ የራሱ አነሳስ ሳይኖረው በነባሮቹ ጽናት ላይ ይደረባል። እንደ አዲስ ከተነሣ ደግሞ፣ ነባሮቹም ሳይነኩ አብረውት ዳግም ይመታሉ። የጋራው ስንብትም የመጨረሻው ጣት እስኪነሣ ድረስ አይጀምርም። ስለዚህ ይህን መሣሪያ የሚጫወት ባለሙያ ጣቶቹን በአንድነት ማሳረፍንና ማንሣትን እንደ ሰዋስው ይማራል። ቀስ ብሎ የሚነሣና በረጅሙ የሚሰናበት ኤንቨሎፕም የመዘምራንን የጋራ እስትንፋስ ይሰጠዋል።

በ1978 የተሠራው ፕሮፌት-5 በማይክሮፕሮሰሰር አማካይነት ለአምስቱ ድምፆች የየራሳቸውን ማጣሪያና ኤንቨሎፕ አጎናጸፈ። ሆኖም አሮጌው መንገድ አልተዘጋም። በ1983 ኮርግ ያወጣው ፖሊ-800 ለስምንቱ ድምፆች የየራሳቸውን የድምፅ መጠን ኤንቨሎፕ ሰጥቶ፣ ማጣሪያውን ብቻ የጋራ አደረገ። በዚህም መሣሪያው ኪሱ ላልደለበ ሙዚቀኛ ቀረበ።

ለእኛ ለጥበብ ሰዎች የዚህ ታሪክ ትርጉም ከቴክኒክ ያልፋል። የጋራ በር ብዙዎችን በአነስተኛ ወጪ አንድ ያደርጋል፤ የአዲስ መጪን ልደት ግን ይደብቃል። የመዘምራን ቡድን የሚያቋቁም መምህርም፣ ተውኔት የሚያዘጋጅ ደራሲም ሊመዝነው የሚገባው ይህንኑ ነው፤ የተሟላ ኅብረ ድምፅ እያንዳንዱ ድምፅ በራሱ አነሳስ ገብቶ ከሌሎቹ ጋር የሚጸናበት ነውና።