ስለ ክረምት ቤት

በሀገራችን ቋንቋ የጊዜ ስም ከኑሮ ስም ተለይቶ አይገኝም። ሰው ቀኑን ቢያሳልፍ ዋለ፥ ሌሊቱን ቢያሳልፍ አደረ፥ ሰንበትን ቢያሳልፍ ሰነበተ ይባላል። በጋውን ያሳለፈ ባጀ፥ ክረምቱን ያሳለፈ ከረመ ተባለ። በግእዝም ክረምት የሚለው ቃል የዝናሙን ወራት ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ጭምር ይሰይማል፤ እኛም የሚመጣውን ዓመት እስከ ዛሬ ከርሞ እንለዋለን። አባቶች ዓመቱን በክረምት መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክረምትን የተሻገረ ዓመትን ተሻገረ ማለት ነውና። ስለዚህ ቤትን ለክረምት ማሰናዳት እንዴት እንደ ነበረ መመርመር ትንሽ ነገር መስሎ ቢታይም፥ ከታሪካችን አንዱን በር ይከፍታል።

በጥንት ጊዜ የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን ነበረ። ንጉሡ በበጋ ከሠራዊቱ ጋራ ካገር ወዳገር ሲዘዋወር ይባጃል፤ የዝናሙ ወራት ሲቀርብ ግን ወንዙ ይሞላል፥ መንገዱ ይላቍጣል፥ የጭነት ከብት አይራመድም፤ ስለዚህ መክረሚያ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ከመክረሚያዎቹም አንዳንዶቹ ከተማ ሆነው ቀሩ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በጉዛራ፥ ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ የድንጋይ ግንብ አሠሩ፤ ዐፄ ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ቈረቈሩ። ድንኳን ለበጋ ይበቃል፤ ድንጋይና ኖራ ግን ክረምትን ያሰበ ሰው ሥራ ነው። ጦርነትም ቢሆን ይህንኑ ሥርዓት ይጠብቅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ የዐድዋን የክተት ዐዋጅ ያስነገሩት መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ የኢጣልያም ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ወዳጅም ጠላትም የዝናሙን ማብቂያ ጠብቀው ነበር።

ወደ ባላገሩ ቤት ስንመለስ፥ ዝግጅቱ ደመና ሳይታይ ይዠምራል። ባለቤቱ ቤቱን ዞሮ ይመረምራል፤ ምሰሶውን ምስጥ እንዳልበላው በመጥረቢያ ጀርባ መትቶ ድምፁን ያዳምጣል። የግድግዳው ምርጊት ተሰንጥቆ እንደ ሆነ ጭቃው ከጭድ ጋራ ተረግጦ ይለሰናል። ከክዳኑ የጠቈረውና የበሰበሰው ሣር ይነሣል፤ ዐዲሱም ከጠርዙ ዠምሮ ወደ ጕልላቱ ይደረደራል፤ የላይኛው ነዶ የታችኛውን እንዲሸፍንና ውሃው ከሣር ወደ ሣር እየተንሸራተተ እንዲወርድ ነው። ዘወትር ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ክዳኑን ከነቀዝና ከብስባሴ ይጠብቀዋል። ከጠርዙ በታች ቦይ ይቈፈራል። ሴቶቹም በበጋው ፀሐይ ኵበቱን ጠፍጥፈው፥ እንጨቱን ለቅመው፥ ዝናም በማያገኘው ስፍራ ይከምሩታል። ክዳን የሚከድን ሰው ብቻውን አይሠራም፤ ጎረቤት በደቦ ይጠራል፥ ነገ ደግሞ የተረዳው ይረዳል።

ነገር ግን ሣሩ ከየት ይመጣል? ብሎ የሚጠይቅ ሰው የነገሩን ሥር ያገኛል። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ደጋ፥ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው ስፍራ፥ ጓሳ የሚባል ሣር ይበቅላል፤ ስፍራውም በሣሩ ስም ይጠራል። የአስቦና የጌራ ወገን የሆኑት ባለ ርስቶች ከ400 ዓመት ገደማ ዠምረው ይህን ስፍራ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል፤ የሚጠብቁትም አለቆች ከሕዝቡ ይመረጣሉ፤ ሣሩ ለክዳን በደረሰ ጊዜ በበጋ ይከፈትና ሁሉ በደንቡ ያጭዳል። እንግዲህ በመንዝ ላንድ ክረምት የሚሆነው ክዳን ከብዙ ዓመት በፊት ሳያጭዱ በመታገሥ ይዘጋጅ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስትን ሲሽር ቀሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጐዳ። ኋላ የአካባቢው ሕዝብ ዐዲስ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶ አቁሞታል።

የከተማውም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከተማ አድርገው ሳሉ ብርዱና ነፋሱ የጸና ነበረ፤ እንጨቱም እያለቀ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃው ባለበት ቈላ ብለው ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ሰዉ ግን በበዛ ጊዜ ማገዶው እንደ ገና አጠረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራ አስዠምረው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካቈዩአት ነገሮች አንዱ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ከባሕር ማዶ የመጣውና ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከባድ ዕቃ ማምጣት ቀለለ፤ ቆርቆሮም ከቤተ መንግሥትና ከባለጸጋ ቤት ወደ ሌላው ቤት እየተዛመተ ሄደ። ቆርቆሮ በየጥቂቱ ዓመት አይከደንም፤ ስለዚህ ደቦ አይጠራም። ጥቅሙም ጕዳቱም በዚህ ውስጥ ነው።

እኛ በቅኔ ቤት ሳለን፥ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፥ ተማሪው ሁሉ ሰኔ ሳይገባ ጎጆውን ያድስ ነበር። በአንድ ዓመት ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ በግንቦት መጨረሻ ደረሰ። እኛ የየራሳችንን ስንከድን እሱን ረሳነው። እውነቱን ለመናገር አልረሳነውም፤ ሣሩ እንዳያንሰን ፈርተን ዝም አልነው። እሱም ጎጆውን በቅጠልና እኛ በጣልነው አሮጌ ሣር ሸፈነ። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ሌሊት ዝናሙ ጣሪያውን ጣለበት፤ ሲነጋ የራሰ ደበሎውን ለብሶ በደጀ ሰላሙ ተቀምጦ ሲንቀጠቀጥ አገኘነው። የኔታ በዚያ ቀን ቅኔ አልነገሩንም። በመቋሚያቸው እየተደገፉ ወደ ገዛ ጎጆአቸው ሄደው ከክዳኑ አንድ ነዶ መዘዙ፤ ከዚያ በኋላ ወደኛ ዞረው፥ «እናንተሳ?» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከየጎጆአችን አንዳንድ ነዶ አወጣን፤ የልጁም ቤት እስከ ማታ ተከደነ። የእኛም ጎጆ በዚያ ክረምት አላፈሰሰም። ልጁ ከሕመሙ ዳነ፤ ነገር ግን ትምህርቱን ሳይጨርስ በመስከረም ወዳገሩ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

ዛሬ በከተማ የሚኖር ሰው የእኔ ቤት ቆርቆሮ ነው፥ ክረምት አያሳስበኝም ይል ይሆናል። ነገር ግን ከእርሱ ጣሪያ የወረደው ውሃ ወደ ማን ደጅ እንደሚሄድ ይመልከት። በጥራጊ የደፈነው ቦይ ጎርፉን ከታች ወዳለው ቤት ይመልሰዋል፤ ከታች ያለውም ብዙ ጊዜ አቅመ ቢስ ነው። የጥንቱ ሰው ሣሩን በጋራ ጠበቀ፥ በጋራ አጨደ፥ በጋራ ከደነ፤ ይህንም ያደረገው ከእኛ ይልቅ ደግ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ብቻውን መክረም እንደማይችል ስላወቀ ነው። እኛም በቆርቆሮ ሥር ሆነን ከዚህ ዕውቀት አልወጣንም። የቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 ቀን ይዠምራል፤ ከዚያ ቀን በፊት የገዛ ጣሪያውን አይቶ የጨረሰ ሰው ዐይኑን ጥቂት ከፍ አድርጎ የጎረቤቱንም ይይ።