የኤችአይቪን መቀስ የዘጋው ስሌት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1988 ከለንደን ወደ ኒው ዮርክ ይበር የነበረው የፓን አም 103 አውሮፕላን ስኮትላንድ ውስጥ ሎከርቢ ከተማ ሰማይ ላይ በቦምብ ጋየ። በአየርም በምድርም 270 ሰዎች አለቁ። ከሟቾቹ አንዱ ኧርቪንግ ሲጋል ነበር፤ በአሜሪካው የመድኃኒት ኩባንያ መርክ የኤችአይቪን ምርምር ከሚመሩት ሳይንቲስቶች አንዱ።

የሲጋል ቡድን በዚያው ዓመት ትልቅ ነገር አረጋግጦ ነበር። ኤችአይቪ ብዙዎቹን ፕሮቲኖቹን የሚያመርተው እንደ ጣቃ ጨርቅ አያይዞ ነው። ጣቃውን በልክ በልኩ የሚቆርጥለት ፕሮቲየዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ የቫይረሱ መቀስ ማለት ነው። መቀሱ ከተበላሸ አዲስ ቫይረስ ይወጣል እንጂ ሌላ ሴል መውረር አይችልም።

ሲጋል በሞተ ሁለት ወር ሳይሞላ የመርክ ባልደረቦቹ የመቀሱን ቅርጽ በኤክስሬይ ደርሰውበት ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡት። በወራት ውስጥ ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ሥዕሉን አርመው አሻሻሉት። ኮምፒዩተሩ ሥራ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መቀሱ ሁለት ተመሳሳይ ግማሾች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 99 አሚኖ አሲድ ናቸው። በመካከላቸው ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱን የሚደፍን ሞለኪውል ከተገኘ መቀሱ አይቆርጥም። በድሮው አሠራር ኬሚስቱ ውህዶችን እየቀመመ አንድ በአንድ መሞከር ነበረበት። አሁን ግን ገና ያልተቀመመውን ሞለኪውል ስክሪን ላይ ጉድጓዱ ውስጥ ያስገባዋል። ኮምፒዩተሩም አቶሞቹ ምን ያህል እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ አስልቶ የትኛው አጥብቆ እንደሚይዝ ይገምታል። ደካማ የመሰለው ሳይቀመም ይቀራል፤ ወራትም ገንዘብም ይተርፋል።

ዛሬ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት መድኃኒት ፈጠረ» የሚሉ ዜናዎች ግን ቀሪውን ታሪክ ይዘሉታል። መርክ ቀደም ብሎ የሠራው አንድ ሞለኪውል ለመቀሱ ልክክ ያለ ነበር፤ በአፍ ሲሰጥ ግን ወደ ደም አይገባም። ስሌቱ የሚያውቀው ጉድጓዱን እንጂ አንጀትን አይደለም። ኬሚስቶቹ የተፎካካሪያቸውን የሮሽን ሞለኪውል ከራሳቸው ጋር አስተያይተው የአንዱን ቁራጭ ለሌላው ቀጠሉለት። ኢንዲናቪር የተባለው መድኃኒት የተገኘው እንዲህ ነው። ያም ሆኖ ብቻውን ሲሰጥ ቫይረሱ መልኩን እየቀየረ ያመልጠው ጀመር። ያዋጣው ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር አብሮ መስጠቱ ነበር። ይህን ያሳዩት ደግሞ ሐኪሞችና ለሙከራ ፈቃደኛ የሆኑ ሕሙማን ናቸው፤ ስማቸውን ማንም አያነሳም።

የሮሽ ሳኩዊናቪር በዲሴምበር 1995፣ ኢንዲናቪር በማርች 1996 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። በ1997 በዚያ አገር የኤድስ ሞት ከ40 በመቶ በላይ ቀነሰ።

በእነዚያ ዓመታት በኢትዮጵያ ብዙዎች በሽታውን በስሙ እንኳ በግልጽ አይጠሩትም ነበር። «ዕድሜ ማራዘሚያ» ተብሎ የሚታወቀው መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ2005፣ በእኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ነው። ከመቀሱ ቅርጽ እስከ ኢንዲናቪር ፈቃድ 7 ዓመት ፈጀ። ከዚያ ፈቃድ እስከ ነፃው እደላ ደግሞ 9 ዓመት። ሁለተኛውን ርቀት ያስረዘመው ኬሚስትሪ ሳይሆን ዋጋና ፖለቲካ ነበር። ያኔም ቢሆን ለአብዛኛው ሕመምተኛ የደረሰው ሌላ ዓይነት፣ ርካሽ መድኃኒት ነው፤ መቀሱን የሚዘጉት የመጀመሪያው ሕክምና እንቢ ላላቸው ሰዎች ብቻ ተይዘው ቆዩ።