የቀበሌዋ ልጅ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሥራና እርካታ

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2003 ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት፣ ከ1978ቱ የአልማ አታ የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ጉባኤ በኋላ፣ የጤናን ሥራ በየገጠሩ የያዙት የማኅበረሰብ ጤና ወኪሎች ነበሩ። ለአጭር ጊዜ ሠልጥነው ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ፤ መንግሥት ደመወዝ አይከፍላቸውም፤ ድጋፉ የሚጠበቀው ከገበሬ ማኅበሩ ነበር። ማኅበሩ አቅም ሲያጣ ብዙዎቹ ሥራውን ተዉ። አይፈረድባቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ለጎረቤት ጤና ሲዞር የሚውል ገበሬ ማሳው ጦም ያድራል።

አዲሱ ፕሮግራም ይህን ስሕተት አረመ። 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች በአብዛኛው ከየቀበሌያቸው ተመልምለው አንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ ከዚያም 5,000 ያህል ሰው ለሚኖርበት አንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው በመንግሥት ደመወዝ ተቀጠሩ። ቁጥራቸው በጥቂት ዓመታት ከ30,000 አለፈ።

ሥራው የእግር ሥራ ነው። የክትባት ሣጥኗን አንግታ ዳገቱን የወጣችው ሠራተኛ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ባለ ሦስት ቀለሙን መለኪያ በሕፃኑ ግራ ክንድ ዙሪያ ታዞራለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ሕፃኑ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። ከሳምንታት በኋላ ያው ክንድ ሞልቶ መለኪያው አረንጓዴው ላይ ሲያርፍ እናቲቱም እሷም አብረው ያያሉ። እንዲህ ያለ እርካታ በደመወዝ አይተመንም። በአገር ደረጃም ለውጡ ታይቷል፦ በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ሌሎች ምክንያቶች ቢኖሩም የእነዚህ ሴቶች ድርሻ ትልቅ ነው።

ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ የሚያበረታን የሚሉት የጎረቤትን አመኔታና ምስጋና ነው። ቅር የሚያሰኛቸው ደግሞ የደመወዝ ማነስ፣ የዝውውር ችግርና የትምህርት ዕድል ማጣት ነው። የቀበሌዋ ልጅ መሆኗ ብርታቷም ማሰሪያዋም ሆነ፦ ምጥ የያዛት ሴት ቤተሰብ በእኩለ ሌሊት በሯን ያንኳኳል፤ ባሏ ሌላ ወረዳ ቢሠራ ግን ተዛውራ ለመከተል ትቸገራለች። ለሕዝቡ ያላትን ፍቅር እንደማያልቅ ስንቅ መቁጠር በደል ነበር።

ከሙያ ደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 የሚያሳድጋቸው ሥልጠና የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2020 የወጣውና እስከ 2035 የሚዘልቀው ፍኖተ ካርታ ደግሞ ሠራተኞቹ ከሚሠሩባቸው ጤና ኬላዎች የተወሰኑት ነርሶችና አዋላጆች ተጨምረውባቸው ሰፊ አገልግሎት እንዲሰጡ አቅዷል።