ቃል ፍለጋ፤ በቻይናና በግዕዝ መዝገበ ቃላት

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከቦሌ አራብሳ እስከ አያት ባለው ሰፈር፣ የቻይና ጽሕፈት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውንና ምሥራቃዊ ጫፉ አያት የሆነውን የከተማ ባቡር የዘረጋው የቻይና ኩባንያ ነው። ከቻይናውያን ጋር ውሎ የሚያድር ወጣት ንግግሩን በሥራው መሀል ይለቃቅማል። ጽሕፈቱ ዘንድ ሲደርስ ግን ይቆማል። በማሽኑ ላይ የተለጠፈው «አትንካ» ይሁን «ዘይት ጨምር» ያልለየ ሠራተኛ የሚፈራው ለእጁም ለእንጀራውም ነው። ታዲያ መዝገበ ቃላት ለምን አይገዛም?

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የእኛን ፊደል የቆጠረ ሰው የማያውቀውን ቃል ቢያንስ ድምፁን ያነበዋል፤ ካነበበው በኋላ የፊደሉን ተራ ተከትሎ ያገኘዋል። የቻይና ፊደል ግን እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ምልክት ነው። ድምፁን የማታውቀው ምልክት ፊትህ ተደቅኖ ሳለ የትኛውን ገጽ ትገልጣለህ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያበጀው ሹ ሸን የተባለ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ100 ዓ.ም. ገደማ 9,353 ፊደላትን ሰብስቦ፣ በሚጋሩት አካል እየለየ፣ በ540 ሥሮች ከፋፈላቸው። መጽሐፉ ከተጠናቀቀ በኋላ ሃያ አንድ ዓመት ተቀመጠ፤ ለቤተ መንግሥት ያቀረበውም በ121 ዓ.ም. ልጁ ነው፤ አባትየው ታሞ ነበርና። በ1615 ሜይ ዪንግዙ 540ውን ሥር ወደ 214 አወረደው፤ በጭረት ብዛትም ተራ አስያዘው። ንጉሠ ነገሥቱ ካንግሺ በ1710 ሊቃውንቱን ሰብስበው ሥራውን አዘዙ፤ በ1716 ከ47,000 በላይ ፊደላት የያዘው መዝገብ በዚሁ ተራ ወጣ።

አፈላለጉን በምሳሌ እንየው። «እናት» የሚለው ፊደል ግራው ሴት፣ ቀኙ ፈረስ ነው። ፈረስ ከእናት ጋር ምን አገናኘው? ፈረስ በቻይንኛ «ማ» ስለሚባል ድምፁን ብቻ አውሶ ነው። ፈላጊው ሴት የሚለውን ሥር ሦስት ጭረት ካላቸው ሥሮች መካከል ያወጣል፤ ከዚያ የቀረውን የፈረሱን ጭረት ይቆጥራል፤ በዛሬው በተቃለለው አጻጻፍ ሦስት ነው። በዚያ ቁጥር ሥር ያገኘዋል። ሁሉም ግን እንዲህ የዋህ አይደለም። «ጠየቀ» የሚጻፈው በበር ውስጥ አፍ ተስሎ ነው። ጀማሪው በሩን አይቶ ከበር ሥር ይፈልጋል፤ የካንግሺ መዝገብ ግን ከአፍ ሥር አስቀምጦታል፤ በሩ የድምፅ ብቻ ነዋ! ለማግኘት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል ማለት ነው። ከ1958 ወዲህ ድምፅን በላቲን ፊደል የመጻፍ ደንብ ስለወጣ የዛሬዎቹ መዝገቦች በድምፅ ተራ ቢደረደሩም፣ የሥሮቹ ማውጫ ከፊታቸው አልጠፋም።

በዚህ የሚስቅ አንባቢ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ይግለጥ። «መጽሐፍ»ን ከ«መ» የሚፈልግ ሰው ይደክማል፤ ቃሉ ያለው ከግሡ ከ«ጸሐፈ» ዘንድ ነው። እንደ ቻይናው ሁሉ ሥሩን ነቅሎ ማውጣት የፈላጊው ፈንታ ነው። ተራውም ትምህርት ቤት የለመድነው ሀ ለ ሐ መ ሳይሆን አ በ ገ ደ ነው፤ በዚህ ተራ «ሀ» አምስተኛ ትሆናለች። አለቃ ጥንታዊው ተራ ይህ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እምነታቸውን ባከብርም ለአንባቢ አልራሩም እላለሁ።

በአንድ ነገር ግን ፍርዴ ከእሳቸው ጋር ነው። ዛሬ በከተማ አነጋገር «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ» በድምፅ አይለዩም፤ ስለዚህ አንዱን ጥለን በሌላው ብንጽፍ ምን ቸገረ የሚሉ አሉ። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ምሥራቅ የተባለው ከዚያ ነው። «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሠራ፤ «ሰአለ» ለመነ። ድምፁ አንድ ሆኖ መልኩ የሚለየው ቃል ለቻይና ተማሪ የዕለት ቀለቡ ነው፤ መልኩን ከተውክለት ቃሉ ይጠፋዋል። ሥሩ የሚታወቀው በፊደሉ ከሆነ፣ ፊደሉን የጣለ ሰው የአለቃን መዝገብ በምን ቁልፍ ይከፍተዋል?

ያ መዝገብ የመጣበት መንገድም ይታሰብ። ካንግሺ ሊቃውንት ነበሯቸው፣ ግምጃ ቤት ነበራቸው። የእኛን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ተቀብለው በኢየሩሳሌም፣ ኋላም በድሬዳዋ ደከሙበት። በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ አልታተመም ነበር። አደራውን የተረከቡት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው፤ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። የሹ ሸንን ሥራ ልጁ እንዳቀረበለት፣ የአለቃን ሥራ ለአንባቢ ያደረሰው የቀለም ልጃቸው ነው። አለቃ ደስታ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲያወጡም የመምህራቸውን አ በ ገ ደ አልለቀቁም። በ1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋዎች ጥናት ማዕከል የወጣው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግን ወደ ሀ ለ ሐ መ ተመልሷል።

ዛሬ የአያቱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ጽሕፈቱን ፎቶ ያነሣል፤ ትርጉሙ ወዲያው ይመጣለታል። ለማሽኑ ይበቃዋል። የውኃን ሥር ገልጦ ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ባሕርና ማጠብ በአንድ ቤት ተሰብስበው ማየት ግን በስልኩ የለም፤ «ጸሐፈ»ን ገልጦ ጸሐፊን፣ ጽሕፈትንና መጽሐፍን በአንድ ገጽ እንደማግኘት ያለውን።