ሥነ ጽሑፍ ከየት ይጀመር?

እ.ኤ.አ. በ1968 በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሦስት መምህራን፣ ይኸውም ሄንሪ ኦዉር አንዩምባ፣ ታባን ሎ ልዮንግና በዚያን ጊዜ ጄምስ ንጉጊ ይባል የነበረው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ይቅር የሚል ጽሑፍ አቀረቡ። ዓላማቸው ቋንቋውን መጣል አልነበረም፤ ክርክራቸውንም የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው አስቀድሞ የአፍሪካን ተረት፣ ዘፈንና ድርሰት ይወቅ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ዓለም ይሻገር ነው ያሉት።

ነገሩ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ተወስኖ አልቀረም። በ1974 የኬንያ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው በትምህርት ቤቶች የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ላይ መከሩ።

ዛሬም ሼክስፒርን የምናስተምር መምህራን ከዚህ ጥያቄ አናመልጥም። ተማሪያችን የአያቱን ተረት ከክፍል ውጭ ጥሎ እንዲገባ ካደረግነው፣ የሩቁን ድርሰት በምን ይመዝነዋል?